«ጤነኛ ሕፃን ይዤ ማስቆረጥ ህሊናዬ አልፈቀደም»

ደብዳቤው ባጭሩ፦ «በወሊድ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አራስ ወንዶች ሲገረዙ ትሪውን የማዘጋጀው፣ ሕፃኑን ሰሌዳው ላይ የማስረው፣ እግሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ምንም ሕመም የሌለበትን ልጅ ይዞ ማስቆረጥ እየከበደኝ መጥቷል። ከሐኪሞቹ አንዱ ማደንዘዣውን ወግቶ ሳይቆይ ወዲያው ይጀምራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጋም። ‹ሁለት ደቂቃ ነው፣ አያስታውሰው› ይላል። ፎርሙን ምጥ ላይ ሆነው የሚፈርሙ እናቶች አሉ፤ እኔም ምስክር ሆኜ ፈርሜያለሁ። እስካሁን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተራ እየተቀያየርኩ ሳመልጥ ቆየሁ፤ አሁን እሷ ፈቃድ ልትወጣ ነው። ለኃላፊዬ ጠቆም ባደርግላት ‹የሥራ ድርሻሽ ነው› አለችኝ። እምቢ ማለት እችላለሁ? እምቢ ካልኩ በኋላ ሕፃኑን መንከባከብስ አለብኝ? ለወላጆቹ የማስበውን ብነግራቸውስ?»

ሲስተር፣ አንድ ሸክም አድርገሽ የተሸከምሽው ነገር ሦስት የተለያየ ጉዳይ ነው። አንደኛው፣ ጤነኛ ልጅ ሳይጠየቅ አካሉ ሊቆረጥ አይገባም የሚለው እምነትሽ ነው። ሁለተኛው ማደንዘዣው፣ ሦስተኛው የስምምነት ፎርሙ ነው። የህሊና ተቃውሞ የሚባለው መንገድ የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለምን ብትይ፣ የህሊና ተቃውሞ አንቺን ከክፍሉ ያወጣሻል እንጂ ሥራውን አያስቆምም። ያለ ማደንዘዣ ሊቆረጥ የነበረ ሕፃን፣ አንቺ «ህሊናዬ አልፈቀደም» ብለሽ ስትወጪ ሌላ ነርስ ይዛው ያለ ማደንዘዣ ይቆረጣል። አንቺ እፎይ ትያለሽ፣ ለእሱ ግን የተለወጠለት ነገር የለም። ስለዚህ ከማደንዘዣው እንጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

አራስ ያለ ማደንዘዣ መገረዝ እንደሌለበት ዛሬ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት ዓይነት ማደንዘዣዎችን ምንም ካለመስጠት ጋር ሲያወዳድር፣ ምንም ካልተሰጣቸው ሕፃናት ሁለቱ ስለታመሙ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆሟል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የተገረዙ ልጆች ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜያቸው ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት የበለጠ የሕመም ምልክት እንደሚያሳዩ፣ ማደንዘዣ ቅባት የተቀቡት ግን ሻል እንደሚሉ አሳይቷል። «አያስታውሰው» ለሚለው ሐኪም ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

አሠራሩን ከሐኪሙ እኩል ማወቅ አለብሽ፤ ካላወቅሽ ቆይ ለማለት አፍ አይኖርሽም። በብዙ ቦታ የሚሠራበት በብልቱ ጀርባ ሥር ያሉትን ነርቮች ማደንዘዝ ነው። መድኃኒቱ 1% ሊዶኬይን ሲሆን አድሬናሊን የተቀላቀለበት መሆን የለበትም፤ አድሬናሊን የደም ሥር ስለሚያጠብ ደም ወደ ብልቱ እንዳይደርስ ሊያደርግ ይችላል። በሰዓት ገጽ ላይ 10 እና 2 ቁጥሮች በሚቀመጡበት አቅጣጫ፣ በየጎኑ 0.4 ሚሊ ሊትር፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይወጋል። መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት መርፌው ወደ ኋላ ሳብ ተደርጎ ደም አለመምጣቱ ይታያል። ጠቅላላው 0.8 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 8 ሚሊ ግራም ነው። ለአራስ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም እንደ ጣሪያ ከተያዘ፣ 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን የሚችለው 9 ሚሊ ግራም ነው። ክፍተቱ ጠባብ መሆኑን ልብ በዪ፦ በስህተት 2% ሊዶኬይን ከተቀዳ ያው 0.8 ሚሊ ሊትር 16 ሚሊ ግራም ይሆናል። ብልቃጡን የምታቀብዪው አንቺ ከሆንሽ፣ ስሙንና ፐርሰንቱን ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው።

ዋናው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሊዶኬይኑ እስኪይዝ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ወግቶ ወዲያው የሚቆርጥ ሰው ሕፃኑን የመርፌውን ሕመም ጨምሮበት የመርፌውን ጥቅም ያስቀርበታል። ቅባት ከሆነ ጊዜው ይረዝማል፦ ከ1 እስከ 2 ግራም ተቀብቶ፣ ተሸፍኖ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ መቆየት አለበት። ሐኪሙ በር ላይ ሲደርስ የሚቀባ ቅባት ለፎርሙ እንጂ ለልጁ አይደለም። ቅባቱ 37 ሳምንት ሳይሞላው ለተወለደ ሕፃን አይሆንም፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። 24% የስኳር ውሃ ከ2 ደቂቃ ቀደም ብሎ ምላሱ ላይ ጠብ ማድረግ ይረዳል፤ ግን አጋዥ ነው እንጂ ብቻውን ማደንዘዣ አይሆንም። ፓራሲታሞልም በመቆረጡ ሰዓት ላይ ላለው ሕመም አይበቃም።

ታዲያ ምን ትያለሽ? ሕፃኑ ሰሌዳው ላይ ከወጣ በኋላ መከራከር ለማንም አይበጅም። ከመጀመሩ በፊት፣ የሕፃኑ ማንነትና ፎርሙ ሲረጋገጥ፣ ማደንዘዣውንም እዚያው ጨምሪው፦ «ዶክተር፣ ማደንዘዣው አሁን ገብቷል፣ ሰዓት ይዣለሁ፤ 5 ደቂቃ ሲሞላ እነግርዎታለሁ።» ጊዜው ሲደርስ ሐኪሙ የሸለፈቱን ጫፍ በመቆንጠጫው (ፎርሴፕስ) ቆንጠጥ አድርጎ ይሞክር። ሕፃኑ እግሩን ከሰበሰበና ድምፁን ቀይሮ ከጮኸ አልያዘም ማለት ነው። «አልደነዘዘም፤ ይቆይ» በዪ። ይህን ስትዪ የጠቀስሽው የሕፃኑን ሁኔታ ስለሆነ «አመለካከትሽን ለራስሽ ያዢ» ሊልሽ የሚችል ሰው የለም። ሐኪሙ አልሰማም ብሎ ከቀጠለ ደግሞ እጅሽን ማንሳት ትችያለሽ፣ ኃላፊዋንም እዚያው ትጠሪያለሽ፤ ሕፃኑን ግን ሰሌዳው ላይ ጥለሽ አትወጪም፣ አጠገቡ ትቆሚያለሽ።

ከዚያ መጻፍ ነው። ቻርቱ ላይ መድኃኒቱ የተወጋበትን ሰዓት፣ መቆረጥ የተጀመረበትን ሰዓት፣ የሕመም መለኪያውን ቁጥር ታሰፍሪያለሽ። በብዙ ቦታ ለአራስ የሚሠራበት መለኪያ ፊቱን፣ ለቅሶውን፣ ትንፋሹን፣ እጁን፣ እግሩንና ንቃቱን አይቶ ከ0 እስከ 7 የሚሰጥ ነው፤ ከ3 በላይ ሕመም ነው። በአጋጣሚ ሪፖርቱም ላይ ቅጽል አያስፈልግም። «ሊዶኬይን 4፡10 ተወጋ፣ 4፡11 መቆረጥ ተጀመረ፣ መለኪያው 7፣ እንዲቆይ ጠይቄ ነበር» ማለት ይበቃል። «ጭካኔ» ብለሽ ከጻፍሽ ክርክሩ ስለ ቃልሽ ይሆናል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሪፖርት፣ «ማደንዘዣው ተሰጥቶ ጊዜው ሳይሞላ አይጀመርም» የሚል አንድ መስመር የክፍሉ መመሪያ ውስጥ እንዲገባ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ ኃላፊሽ «የሥራ ድርሻሽ ነው» ስትልሽ ይህንን ክፍል በተመለከተ እውነቷን ነው፤ ሕፃኑ ሳይደነዝዝ እንዳይቆረጥ ማድረግ የሥራ ድርሻሽ ነው።

ለማንም ህሊና ሳይተው ግርዛቱን ሊያስቆሙ የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኛቸው ደግሞ ዳይፐር የምትቀይረው ነርስ ናት። የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ከሆነ አይገረዝም፤ በኋላ ለሚደረገው ጥገና ያ ሸለፈት ያስፈልጋል። ብልቱ የታጠፈ ወይም በስብ ውስጥ የተቀበረ ከሆነም እንዲሁ። በእናቱ ወገን ደም የማይቆምለት ወንድ ዘመድ ካለ መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል። ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ ያልተወጋ፣ ገና ያልሸና፣ ትኩሳት ያለበት ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ይቆያል። ዕቃዎቹም ላይ ዓይንሽ ይኑር። ጎምኮ የሚባለው ክላምፕ (ሸለፈቱን ጨፍልቆ የሚይዝ የብረት መሣሪያ) ቁራጮቹ አንድ ላይ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ከተለያየ ስብስብ የተቀላቀሉ ከሆነ በደንብ አይገጥሙም፤ ስለዚህ የደም ሥሩን ሳይጨፈልቁ ይቀሩና ሲፈታ ደም ይፈሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ጎምኮና ሞገን ክላምፖች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በሞገን የሚፈራው የብልቱ ጫፍ አብሮ መቆረጥ ነው። ብረት ክላምፕ ባለበት በኤሌክትሪክ ማቃጠያ ደም ማቆም ደግሞ ፈጽሞ የሚደረግ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በብረቱ አልፎ ብልቱን በሙሉ ያቃጥላል።

ወደ ፎርሙ እንሂድ። ለወላጆች የማስረዳት ኃላፊነት የሚቆርጠው ሰው ነው። አንቺ ምስክር ሆነሽ ስትፈርሚ የምታረጋግጪው ፈራሚዋ እሷ ራሷ መሆኗንና ሳትገደድ፣ በንቃት ላይ ሆና መፈረሟን ነው፤ ገለጻው በቂ ነበር ማለትሽ አይደለም። ስለዚህ ምጥ ላይ ያለች ወይም የሚያፈዝ የሕመም ማስታገሻ የወሰደች እናት ስትፈርም ምስክር አለመሆን ትክክለኛ ሥራ ነው። «ስትረጋጋ እንመለስበት» በዪ፤ ግርዛት ለነገ የማይባል ሕክምና አይደለም። እናትየው «ግን ለምንድነው የሚደረገው?» ብላ ከጠየቀችሽ ያ ጥያቄ ራሱ ገለጻው እንዳልተሟላ ያሳያል። ሐኪሙን መልሰሽ ጥሪ፣ መጠየቋንም ጻፊ። ወላጆቹ የማይስማሙ ከሆነ የአንዱ ፊርማ በቂ ነው ብለሽ አትለፊው። ለምሳሌ በእንግሊዝ ሁለቱ ካልተስማሙ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚደርስ ነው።

እንግዲህ የቀረው እምነትሽ ነው። ማደንዘዣው በሙሉ ጊዜው ተሰጥቶ፣ ወላጆቹ ሁሉንም አውቀው ፈርመው፣ ሐኪሙም ጥንቁቅ ቢሆን አሁንም ልጁን መያዝ አትችዪም? ይህን ጥያቄ ለራስሽ በሐቅ መልሺ። መልስሽ «ያኔማ ችግር የለብኝም» ከሆነ የህሊና ተቃዋሚ አይደለሽም፤ ከላይ ያልነው ሁሉ ይበቃሻል። «አሁንም አልችልም» ካልሽ የሚከተለው ለአንቺ ነው።

እንዲህ ማሰብሽ እንግዳ ነገር አይደለም። የሙያ ማኅበራቱ ራሳቸው አልተስማሙም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፣ ነገር ግን ለሁሉም አራስ ይደረግ ለማለት አይበቃም፣ ወላጆች ይወስኑ አለ። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የሕክምና ምክንያት የሌለውን የልጆች ግርዛት የልጁን አካላዊ ሙሉነት የሚጥስ ነው ብሎ ሐኪሞች ወላጆችን እንዳያስገርዙ እንዲመክሩ ጠየቀ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ አዋቂዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግርዛት ወንዱ ከሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን 60% ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ቫይረሱ በብዛት ለተሰራጨባቸው አካባቢዎች ይህንኑ መክሯል። ተቃዋሚዎች የሚመልሱት፣ ያ ጥቅም ልጁ ካደገ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ራሱ እስኪወስን ይጠበቅ የሚል ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ጥቅም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መቀነሱ ነው፤ ያልተገረዙ ጤነኛ ወንዶችን የሚይዘው ግን ከ100 አንዱን ገደማ ነው። የተማረና ቅን ሰው በዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን ሊቆም ይችላል። ይህን ደግሞ ለራስሽ ብቻ ሳይሆን ልጃቸውን ለማስገረዝ ለሚመጡት ወላጆችና ለምታግዘው ባልደረባሽም ቁጠሪላቸው። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የእምነት ግዴታ ነው፤ ህሊና ያለሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታፌ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ ሆስፒታል ከ20 በላይ ነርሶች በግርዛት እንደማያግዙ አስታውቀዋል። ከእነሱ የምትወስጂው ትምህርት ብዛታቸውን ነው። አንዲት ነርስ በየቀኑ ተራ ስትቀይር «አስቸጋሪ» ትባላለች፤ ብዙዎች አብረው ሲናገሩ ግን አስተዳደሩ ቁጭ ብሎ አሠራር ማበጀት ይኖርበታል። በክፍልሽ እንዳንቺ የሚያስቡ ካሉ አብራችሁ ጻፉ፤ ግን ማንንም አትጎትቺ።

የምትሠሪበትን አገር አልነገርሽንም፤ ሕጉ ግን ከአገር አገር ይለያያል። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ ነርስ በተወሰኑ ሕክምናዎች ላለመሳተፍ በህሊና ምክንያት መቃወም እንደምትችል፣ ነገር ግን ታካሚው የሚያስፈልገውን እንክብካቤ በወቅቱ እንዲያገኝ ማመቻቸት እንዳለባት ይናገራል። የሙያ ደንብ ግን ሕግ አይደለም። በብሪታንያ ለምሳሌ ሕጉ በስም ጠቅሶ የህሊና ተቃውሞን የሚጠብቀው በፅንስ ማቋረጥና በመካንነት ሕክምና ላይ ነው። ግርዛት እዚያ ውስጥ ስለሌለ ነገሩ ከአሠሪ ጋር በመስማማት የሚያልቅ ነው። ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት ሦስት ወረቀት አንብቢ፦ የሥራ ውልሽን፣ የሆስፒታሉን የህሊና ተቃውሞ መመሪያ ካለው፣ የአገሩን የነርሶች ደንብ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት አሳያቸው።

የሚቀጥለው፣ ብዙዎች የሚሰናከሉበት፣ መስመሩን የት እንደምታሰምሪ መወሰን ነው። ትሪ ማዘጋጀት፣ ሰሌዳው ላይ ማሰር፣ መያዝ፣ ዕቃ ማቀበል፦ ይህ በቀጥታ እጅ ያለበት ነው፤ በተቃውሞሽ ውስጥ ይገባል። ዕቃ ማጠብ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ስልክ ማንሳት፣ የተራ ሰሌዳ ማውጣት ግን አይገባም፤ ይህን ሁሉ እምቢ የምትል ነርስ በየትም ቦታ ሰሚ አታገኝም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 በፅንስ ማቋረጥ ሥራ አንሳተፍም ያሉ የሁለት የግላስጎ አዋላጆችን ጉዳይ ሲወስን ያሰመረው መስመር ይህን ይመስላል፦ መሳተፍ ማለት በሥራው ላይ እጅን ማስገባት እንጂ ዙሪያውን ያለውን አስተዳደር ማከናወን አይደለም። የሕመም ማስታገሻና ከግርዛቱ በኋላ ያለው ክትትል ደግሞ ለድርድር አይቀርብም። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ቁስል ያለበት ታካሚሽ ነው።

የአንዱን ሃይማኖት ልጅ እየያዝሽ የሌላውን እምቢ ማለት ደግሞ አድልዎ ነው እንጂ ህሊና አይባልም፤ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም። የሕክምና ምክንያት ያለው ከሆነ እንደምታግዢ በግልጽ ጻፊ። ደም አልቆም ካለ ወይም ሕፃኑ ትንፋሽ ካጠረው ያለ አንዳች ማመንታት ገብተሽ እንደምትረጂም ጻፊ። ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሙላ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በጤነኛ አራስ ወንዶች ላይ የሕክምና ምክንያት ሳይኖር በሚደረግ ግርዛት ላይ በህሊናዬ ምክንያት ማገዝ ስለማልችል፣ ከዕቃ ማዘጋጀት፣ ሕፃኑን ከማሰርና ከመያዝ፣ ዕቃ ከማቀበል እንድታነሱኝ እጠይቃለሁ። ተቃውሞዬ በቤተሰቡ እምነት ወይም ማንነት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ማስታገሻ መስጠትን፣ ከግርዛቱ በኋላ ያለውን ክትትልና ማንኛውንም ድንገተኛ እርዳታ እንደ ወትሮው እሠራለሁ። በምትኩ በዚያ ሰዓት ያለውን የአራሶች የተረከዝ ደም ምርመራና የመውጫ ትምህርት ለመሸፈን ዝግጁ ነኝ። አሠራሩን ለመነጋገር ጊዜ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ቀን ጽፈሽበት፣ ለኃላፊዋና ለሜትሮኗ አስገብተሽ፣ ቅጂውን አስፈርመሽ ያዢ። የምታስገቢው የሚቀጥለው ወር የተራ ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት እንጂ ሕፃኑ ተዘጋጅቶ ሲመጣ አይደለም። በምትኩ የምትሠሪውን ሥራ መጥቀስሽ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የባልደረቦችሽ ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከእምነትሽ ጋር ሳይሆን «የእሷን ሥራ እኛ ላይ ጣለች» ከሚለው ጋር ነው፤ ልክ ናቸውም። በአንዲት ጓደኛ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ አሠራር ደግሞ አሁን እንዳየሽው እሷ ፈቃድ ስትወጣ አብሮ ይፈርሳል። ለኃላፊዋ የምታቀርቢው መፍትሔ የቀን ጉዳይ ይሁን፦ ግርዛት በቀጠሮ የሚደረግ ስለሆነ፣ ሌላ ነርስ በምትገባበት ፈረቃ እንዲያዝ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

እምቢ ቢሉሽስ? መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካለ ጉዳዩን እዚያ አቅርቢ፤ ካልሆነ ወደ ሌላ ክፍል ዝውውር ጠይቂ። በዚህ መሀል የማይደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ተረክበሽ የጀመርሽውን ሕፃን ለሌላ ነርስ ሳታስረክቢ መተው ነው፤ ታካሚን ጥሎ መሄድ ፈቃድሽን እስከማሳጣት የሚያደርስ ጥፋት ነው፣ ህሊናም አያድንሽም። ሁለተኛው፣ በግርዛት ቀን «አሞኛል» ማለት ነው፤ አንዴ ከተነቃብሽ ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽውን ሁሉ የሚያምንሽ የለም። ሁሉንም በትክክል አድርገሽም ሊሳካ ወይም ላይሳካ ይችላል። የህሊና ተቃውሞ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል አውቀሽ ግቢበት፤ ዝውውሩ የማትወጂው ክፍል ሊሆን ይችላል።

ለወላጆቹ ልንገራቸው ወይ ላልሽው፣ አስተያየትሽን አትንገሪያቸው፤ መረጃውን ግን አትከልክያቸው። ዛሬ በዚህ ተቃውሞ ስሟ የሚነሳው የካሊፎርኒያዋ ነርስ ሜሪሊን ሚሎስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራዋን ያጣችው ለወላጆች ስለ ግርዛት በመንገሯ ነው። ትክክል ነበረች ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፤ ሥራዋን ግን አላስመለሰላትም። እናትየው «አንቺ ብትሆኚ ታስገርዢው ነበር?» ስትልሽ ደግሞ፣ መቼም ትጠይቅሻለች፣ እንዲህ በያት፦ «ለእሱ ጤንነት ዛሬ የግድ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ሊቆይም ይችላል። ጥቅሙንና ጉዳቱን ሐኪሙ ያስረዳሽ፤ ልጥራልሽ።» ዓይኗ ውስጥ ምሬት ወይም ኩነኔ እንዳታይብሽ ብቻ ተጠንቀቂ፤ አራስ ናት፣ ሁሉንም ታነባለች።

ከግርዛቱ በኋላ ያለው ሥራ የአንቺ ነው ስላልን በደንብ አድርገሽ ያዢው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ ከዚያ እስኪሸና በየሰዓቱ ዳይፐሩን ፍቺና እዪ። ከላይ ብቻ ገለጥ አድርገሽ አትለፊ፤ ደም ወደ ኋላ ፈስሶ ከጀርባው ሥር ይጠራቀማል። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ጠቅላላ ደሙ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ዳይፐር የመጠጠው 25 ሚሊ ሊትር ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ለእሱ ግን የደሙ አሥረኛ ነው። ከተጠራጠርሽ ዳይፐሩን መዝኚው፦ ከደረቁ ክብደት በላይ ያለው እያንዳንዱ ግራም 1 ሚሊ ሊትር ነው። ደም ካየሽ በንጹሕ ጎዝ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳትለቂ ተጫኚ፣ ሐኪሙን አስጠሪ። በየደቂቃው እያነሱ ማየት የረጋውን መልሶ ይከፍተዋል። በሠለጠነ እጅ ከ1000 ሕፃናት ከ2 እስከ 6 የሚሆኑት ላይ ችግር ይገጥማል፤ ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚታየው ደም መፍሰስ ነው። የታሰረው ጎዝ ጠብቆ ሽንት ሊያግድም ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ሽንት ሰዓት ጻፊ።

እናትየው ወደ ቤት ስትሄድ ቫዝሊኑን ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ለአንድ ሳምንት ያህል እንድትቀባ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚወጣው ቢጫ ልባስ መግል አለመሆኑን፣ ፍቃ እንዳታነሳው ንገሪያት። በፕላስቲቤል፣ ማለትም ብልቱ ላይ በሚቀር የፕላስቲክ ቀለበት፣ የተገረዘ ከሆነ ግን ቫዝሊን አይቀባም፣ ቀለበቱን ያንሸራትተዋል። ቀለበቱ ከ5 እስከ 8 ቀን ውስጥ በራሱ ይወድቃል፤ አይጎተትም። ወደ ብልቱ ግንድ ከተንሸራተተ ወይም ጊዜው አልፎ ካልወደቀ ታምጣው። ለ12 ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ መቅላቱ ወደ ሆዱ ከወጣ፣ ወይም ደሙ ተጭናው ካልቆመ ሌሊትም ቢሆን ትመለስ። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት ስጫት፣ የክፍሉንም ስልክ ጻፊበት።